ያልሄደው ሳልሞን

ሳልሞን የሚባለውን ዓሣ አብዛኞቻችን የምናውቀው ወይ ከሱፐርማርኬት ማቀዝቀዣ ነው፣ ወይ ከቴሌቪዥን። ከማቀዝቀዣው ያነሳነው እንደሆነ ዋጋውን አይተን ቀስ ብለን ወደ ቦታው እንመልሰዋለን። የቴሌቪዥኑ ደግሞ ፏፏቴ ሽቅብ የሚዘለው፣ ድብ አፉን ከፍቶ የሚጠብቀው ነው። ታሪኩንም በደምሳሳው እናውቃለን። ወንዝ ውስጥ ይፈለፈላል፤ ወደ ባሕር ይወርዳል፤ እዚያ በልቶ ይወፍራል፤ ጊዜው ሲደርስ የውሃውን ጠረን ተከትሎ እንቁላሉን ለመጣል ወደተወለደበት ወንዝ ይመለሳል። ልብ ብሎ ላየው የዳያስፖራ ታሪክ ይመስላል።

እኔ ዛሬ ላጫውታችሁ የፈለግኩት ግን ስላልሄደው ሳልሞን ነው።

እንዲህ ዓይነት ሳልሞን መኖሩን ያወቅኩት ባለፈው ዓመት የዓመት ፈቃዴን ወስጄ እህቴን ልጠይቅ አሜሪካ በሄድኩበት ጊዜ ነው። እህቴ የምትኖረው ፖርትላንድ ነው። በምዕራብ በኩል ያለችውን ትልቋን ፖርትላንድ ማለቴ አይደለም፤ በሰሜን ምሥራቅ ጥግ፣ ሜይን በሚባለው ግዛት፣ አትላንቲክ ዳር የተቀመጠችውን ትንሿን ነው። ከከተማዋ በመኪና ግማሽ ሰዓት ገደማ ወጣ ሲሉ ሰቤጎ የሚባል ሐይቅ አለ። ስፋቱ ከ110 ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ ጥልቅ በሆነበት በኩል 96 ሜትር ገደማ ይወርዳል። የፖርትላንድና የአካባቢዋ ሰው የሚጠጣው ከዚህ ሐይቅ ነው፤ ከመጥራቱ የተነሳ ውሃውን በማጣሪያ የማሳለፍ ግዴታ እንኳ አልተጣለባቸውም። እህቴ ቤት ቡና የምናፈላው በዚያ ውሃ መሆኑን ስሰማ ሐይቁን ገና ሳላየው ወደድኩት።

ነገሩን የጀመረው የእህቴ ልጅ ነው። ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ አማርኛው ይሰባበራል፤ ዓሣ ላይ ግን ፕሮፌሰር ነው። ሐይቁ ዳር ቆመን ሳለ «አክስቴ፣ እዚህ ያለው ሳልሞን ባሕር አያውቅም፤ ላንድሎክድ ነው» አለኝ። ከ1969 ጀምሮም የግዛቱ ዓሣ ተብሎ በሕግ መሰየሙን ጨመረልኝ። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ላንድሎክድ የሚለውን ቃል ከየት እንደምናውቀው ታስታውሳላችሁ። የጂኦግራፊ መምህራችን ካርታ ሰቅለው ስለ አገራችን ሲያስተምሩን ነው። ዙሪያዋን በየብስ የተከበበች፣ የባሕር በር የሌላት። ለአገርም ለዓሣም ቃሉ አንድ ነው። የተማርኩት ቢዝነስ፣ የምሠራው ማርኬቲንግ ስለሆነ ስም ስሰማ ዝም ብዬ ማለፍ አይሆንልኝም። ስሙን ያወጣው ሰው ዓሣው ያለውን ሁሉ ትቶ በሌለው ነገር ሰይሞታል። ከስኳር አልባ ለስላሳ በቀር በጎደለው ነገር ተሰይሞ ገበያ የወጣ ዕቃ ብዙም አላውቅም። የአገሩ ነባር ሰዎች ግን እንዲህ አላደረጉም። ሰቤጎ በአበናኪዎች ቋንቋ ትልቅ ሐይቅ ማለት ነው። ካናዳ ኩቤክ ውስጥ በላክ ሴን ዣን ሐይቅ የሚኖረው የዚሁ ዓሣ ወገን ደግሞ ከኢኑ ሕዝብ ቋንቋ በተወሰደ ስም ዋናኒሽ ይባላል። ባሕር አልባ የሚል ነገር አልለጠፉበትም።

ስሙ ከማስከፋቱ ሌላ ሁልጊዜ እውነት አለመሆኑ ነው የገረመኝ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሻርል ዢራር የተባለ ተመራማሪ የሰቤጎን ሳልሞን ራሱን የቻለ ሌላ ዝርያ አድርጎ መዝግቦት ነበር። በኋላ ሲጣራ ግን ከአትላንቲኩ ሳልሞን አንድ ሆኖ ተገኘ። ሁለቱም ሳልሞ ሳላር ናቸው። አስተዳደጋቸውም አይለያይም። እናቲቱ በመጸው ወንዝ ውስጥ ጠጠሩን በጅራቷ እየቆፈረች እንቁላሏን ትቀብራለች፤ ጫጩቶቹ ክረምቱን ከጠጠር ሥር ከርመው በጸደይ ይወጣሉ። እዚያው ወንዝ ውስጥ ጎናቸው በጥቋቁር ምልክት ተዥጎርጉሮ አንድ ሁለት ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቆያሉ። ከዚያ አንድ ቀን ምልክቱ ይጠፋና ብር መስለው ወደ ታች ጉዞ ይጀምራሉ። ይህ ብርማ ቀለም የመንገደኛ ልብስ ነው በሉት። የባሕሩ ሳልሞን ይህን ለብሶ እስከ ግሪንላንድ ዳርቻ ይሄዳል። የሐይቁም ሳልሞን ያንኑ ልብስ ይለብሳል፤ ይነሳል፤ ሐይቁ ጋ ሲደርስ ይበቃዋል።

መንገድ ጠፍቶ ነው እንዳትሉ፣ ከእነዚህ ሐይቆች ብዙዎቹ ባሕር የሚያደርስ ወንዝ አላቸው። ከሰቤጎ የሚወጣው ፕሬዘምስኮት ወንዝ ፖርትላንድ አጠገብ ካስኮ የሚባለው የባሕር ወሽመጥ ውስጥ ይገባል። ላክ ሴን ዣንም በሳግኔ ወንዝ በኩል ወደ ሴንት ሎረንስ ይወርዳል። በሩ ሳይቆለፍ የቀሩ ሳልሞኖች ናቸው። በአንዳንድ አገር ግን ተቆልፎባቸው የቀሩም አሉ፤ ወደ እነሱ እመለሳለሁ።

ይህ ነገር ለምን ልቤ ውስጥ እንደገባ ልንገራችሁ። ሠላሳ ሁለት ዓመቴ ነው። አብረውኝ ከተመረቁት ጓደኞቼ አገር ውስጥ ያለነውን ለመቁጠር የሁለት እጅ ጣት ይበቃል። ሰፈር ውስጥ የድሮ ሰው ሲያገኘኝ ሰላምታው «አለሽ እንዴ?» ነው። ደህና ነሽ ወይ ማለቱ አይደለም፤ እስካሁን አልሄድሽም ወይ ማለቱ ነው። እማዬንም ማኅበር ላይ «ትንሿስ መቼ ነው የምትሄደው?» ይሏታል። ሥራ አለኝ፤ ሥራዬንም እወደዋለሁ፤ ግን ያልሄደ ሰው እንደ ምርጫ አይቆጠርለትም። ያልቀናው፣ ቪዛ የተከለከለ፣ ዲቪ ያልደረሰው ነው የሚባለው።

በሌላ በኩል እህቴ አለች። የሄደችው እኔ ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ ነው። የኮሌጅ ክፍያዬን ሴሚስተር በሴሚስተር የላከችልኝ አረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ የሌሊት ፈረቃ እየሠራች ነው። ስለዚህ ከእራት በኋላ ልጁን አስተኝታ አጠገቤ ቁጭ ብላ «ለምን አትቀሪም? ትምህርት ቤት እናስገባሻለን፤ እማዬንም ቀስ ብለን እናመጣታለን» ስትለኝ ትከሻ ነቅንቆ የሚታለፍ ነገር አይደለም። ዲግሪዬ ላይ የተጻፈው የእኔ ስም ነው፤ የተከፈለበት እንቅልፍ ግን የእሷ ነው። «እዚያ ብቻሽን ምን አለሽ?» አለችኝ ደግማ። ጥያቄዋ ከልቧ ነው። የሐይቁን ሳልሞን ማንበብ የጀመርኩት ያን ሰሞን፣ ለእህቴ መልስ እያጣሁ ሳለሁ ነው።

ሳልሞኑ እዚያ ምን አለው? መጀመሪያ ጥልቀት አለው። በበጋ የሐይቁ ላይኛው ውሃ ሲሞቅ ወደ ታች፣ ወደ ቀዝቃዛውና አየር ወዳልጎደለው ውሃ ይወርዳል። ሁለተኛ ስሜልት አለው። ስሜልት ጣት የሚያህል፣ ብርማ፣ በመንጋ የሚኖር ትንሽ ዓሣ ነው፤ ሜይን ውስጥ የሐይቅ ሳልሞን ዋና ቀለቡ እሱ ነው። ሦስተኛ ወንዝ አለው። ወደ ሰቤጎ ከሚገቡት ወንዞች ክሩክድ የሚባለው፣ ትርጉሙም ጠማማ ማለት ነው፣ ሳልሞኑ እንቁላሉን የሚጥልበት ዋናው ቦታ ነው። ሦስቱ ካሉ ባሕሩ ሳይኖር ይኖራል።

ዋጋ ግን ያስከፍለዋል። ባሕር ሄዶ የተመለሰው ወንድሙ ሦስት፣ አራት፣ አምስት ኪሎ ሲመዝን የሐይቁ ሳልሞን ብዙውን ጊዜ 45 ሴንቲ ሜትር ቢረዝም፣ ግማሽ ኪሎ ወይም ትንሽ ከፍ ቢል ነው። የባሕር ማዕድ ሌላ ነው። (ነሐሴ መጀመሪያ 1907 ከሰቤጎ የወጣው ግን ከ10 ኪሎ በላይ መዝኗል። የእህቴ ልጅ ይህችን ሳይጠቅስ አይውልም፤ እኔም ለሰፈሬ ሰዎች ይዤላቸው መጥቻለሁ።)

ሐይቅ ጠባብ መሆኑም አለ። ባሕር ውስጥ አንዱ ጥግ ቢበላሽ ሌላ ጥግ ይኖራል፤ ሐይቅ ውስጥ ግን አንዱ ነገር ከተነካ ሁሉም ይነካል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ባሉት ዓመታት ዲዲቲ የተባለው ፀረ ተባይ በሰቤጎ ዙሪያ ሲረጭ ሳልሞኑ ክፉኛ ተጎዳ። መርጨቱ ቆሞ ቀስ በቀስ ሲያገግም ደግሞ በ1972 ሌክ ትራውት የሚባል ሌላ ዓሣ ሰዎቹ ራሳቸው ሐይቁ ውስጥ ጨመሩ። ያሰቡት ለአጥማጆች ተጨማሪ ዓሣ ነበር። ሌክ ትራውት ግን ያንኑ ስሜልት የሚበላ፣ ዕድሜው የሚረዝም፣ እዚያው የሚራባ ሆነ። አሁን ግዛቱ አጥማጆቹን «ሌክ ትራውት የያዛችሁ እንደሆነ ይዛችሁ ሂዱ» እያለ ያበረታታል። በእኛ ሙያ እንዲህ ያለውን ሁለተኛው ምርት የመጀመሪያውን በላው እንለዋለን። እዚህ ግን በእውነት ነው የበላው።

ያን ሰሞን ከሁሉም ይልቅ የከነከነኝ የወንዙ ነገር ነው። እመለስባቸዋለሁ ያልኳችሁ፣ እውነትም የተቆለፈባቸው ሳልሞኖች ፊንላንድ ውስጥ ሳይማ በሚባለው ሐይቅ ይገኛሉ። ከመጨረሻው የበረዶ ዘመን በኋላ መሬቱ ቀስ በቀስ ከፍ ሲል ከባሕር ተቆርጠው ቀሩ። ባሕር ሳያዩ ሺህ ዓመታትን በሰላም ኖረዋል። ያጠፋቸው በ20ኛው ክፍለ ዘመን እንቁላል የሚጥሉባቸው ወንዞች ላይ የተሠራው የኤሌክትሪክ ግድብ ነው። ዛሬ የሳይማ ሳልሞን ዘሩ ያልጠፋው ሰው በማርቢያ ገንዳ እያስፈለፈለ ሐይቁ ውስጥ ስለሚለቀው ነው። ስዊድን ውስጥም ከቬነርን ሐይቅ ተነስተው በክላር ወንዝ ሽቅብ የሚወጡትን ሳልሞኖች አጥምደው በጭነት መኪና አሳፍረው ከግድቦቹ በላይ ያደርሷቸዋል። ሰርቪስ የተመደበለት ዓሣ ማለት ይህ ነው።

ሰቤጎም ከዚህ ታሪክ አልራቀም። ፕሬዘምስኮት ላይ ግድብ ተሠርቶ ከባሕር የሚመጣው ዓሣ መውጫ ሲያጣ፣ ፖሊን የተባለው የአበናኪዎች መሪ በ1739 እስከ ቦስተን ድረስ ሄዶ ለቅኝ ገዢው ጆናታን ቤልቸር አቤት ብሎ ነበር። ገዢውም ለዓሣው ማለፊያ እንዲተውለት አዘዘ። ትእዛዙ ተከበረ እንዳይመስላችሁ። በወንዙ ላይ ግድቡ እየበዛ ሄደ፤ የባሕሩ ሳልሞን ከዚያ ወንዝ ጠፋ። ሜይን ውስጥ በሌሎች ወንዞች የተረፈውም ቢሆን በ2000 ከመጥፋት አደጋ መዝገብ ገብቷል። ግሪንላንድ ድረስ ሄዶ የሚመለሰው ዓሣ ደጃፉ ላይ በሩ ተዘግቶ ጠበቀው፤ ያልሄደው ግን ከመቶ በላይ በሚሆኑ የሜይን ሐይቆች ውስጥ አለ፤ አብዛኞቹ ውስጥ ሰው ወስዶ የጨመረው ነው።

ጣና ትዝ ያለኝ እዚህ ላይ ነው። ጣና ውስጥ ሳልሞን የለም። ግን ከጢስ ዓባይ ፏፏቴ በላይ ተነጥለው የኖሩ፣ በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የማይገኙ፣ ባርበስ የሚባሉ ዓሦች አሉበት። ከእነሱ በርካታዎቹ ዝናቡ ሲገባ ሐይቁን ትተው ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብ፣ ወደ ግልገል ዓባይ ይወጣሉ፤ እንቁላላቸውን ጠጠር ላይ ጥለው ይመለሳሉ። አጥማጁም ይህን ስለሚያውቅ መረቡን ወንዙ አፍ ላይ ይዘረጋል። ቁጥራቸው ክፉኛ ከቀነሰባቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነው። ባሕር ዳር ለስብሰባ ስንቴ ሄጃለሁ፤ ሐይቁን ከሆቴሉ በረንዳ ላይ ሆኜ ከማድነቅ በቀር ስለ ወንዞቹ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ልመለስ ጥቂት ቀን ሲቀረኝ ይህን ሁሉ ለእህቴ አወራኋት። ዝም ብላ ሰምታኝ ሳቀች። «ስለዚህ አንቺ የሐይቁ፣ እኔ የባሕሩ መሆናችን ነው?» አለችኝ። እንዲህ ሲባል ደግሞ አልወደድኩትም። የሄደውን ጥፋተኛ፣ የቀረውን ብልህ የሚያደርግ ወሬ እሷ ፊት ማውራት አልችልም። ስለዚህ የጃፓኑን ነገርኳት፤ ለእናንተም ልንገራችሁ።

ሰሜን ጃፓን፣ አኪታ ውስጥ፣ ታዛዋ የሚባል ሐይቅ አለ። ጥልቀቱ 423 ሜትር ነው፤ ጃፓን ውስጥ ከእሱ የሚጠልቅ የለም። እዚያ ብቻ የሚኖር፣ ቀለሙ የጠቆረ፣ ኩኒማሱ የሚባል ባሕር የማያውቅ ሳልሞን ነበር። በ1940 ለኤሌክትሪክና ለእርሻ ሲባል አሲድነት ያለው የታማ ወንዝ ውሃ ወደ ሐይቁ እንዲገባ ተደረገ። ኩኒማሱም አለቀ። ጠፋ ተብሎ ተመዘገበ። በ1990ዎቹ የታዛዋ ሰዎች «በሕይወት ያለ ኩኒማሱ ላመጣልን» ብለው የሽልማት ማስታወቂያ አወጡ፤ ዘመቻው እንደ ዘመቻ ጥሩ ነበር፤ ያመጣላቸው ግን አልተገኘም።

ለካ ሐይቁ ከመበላሸቱ በፊት፣ በ1935 ገደማ፣ ከታዛዋ እንቁላል ተወስዶ በፉጂ ተራራ ሥር ወዳለው ሳይኮ ሐይቅ ተልኮ ነበር። ከዚያ በኋላ ማንም አላስታወሰውም። በ2010 ሳካና ኩን የሚባል፣ በቴሌቪዥን ስለ ዓሣ በማውራት የታወቀ ሠዓሊ፣ የጠፋውን ኩኒማሱ እንዲስል ከኪዮቶ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ናካቦ ይጠየቃል። ለማስተያያ ብሎ ከሳይኮ ሐይቅ ዘመዱን ዓሣ ያዝዛል። የደረሰው ዓሣ ጥቁር ሆነበት። ለፕሮፌሰሩ አሳየው፤ ተመረመረ፤ ራሱ ኩኒማሱ ነው። የሳይኮ አጥማጆች ለሰባ ዓመት ያህል ጥቁሩ ዓሣ እያሉ ሲያወጡት ኖረዋል። የጃፓን ንጉሠ ነገሥት አኪሂቶ ሳይቀሩ በዚያ ዓመት የልደታቸው ዕለት አነሱት።

እህቴ ይህን ስትሰማ ቀና አለች። «አየሽ» አለችኝ፣ «ባይላክ ኖሮ ዘሩ ጠፍቶ ነበር።»

«አዎ» አልኳት። «አሲዱም ባይገባ ኖሮ መላክ አያስፈልገውም ነበር።»

«እሺ አሁንስ? ወደ ሐይቁ መለሱት?»

ገና ነው አልኳት። ውሃውን ለማከም ዓመታት ሠርተዋል፤ አሲዱ ግን ጨርሶ አልለቀቀም። በ2017 ሐይቁ ዳር አንድ ቤት ተከፍቷል፤ ከሳይኮ በኩል የመጡ ኩኒማሱዎች መስታወት ገንዳ ውስጥ ይዋኛሉ፤ የታዛዋ ሰዎች ልጆቻቸውን ይዘው እየሄዱ ያዩዋቸዋል።

ትንሽ ዝም አለች። የቡናውን ረከቦት አነሳች፤ ሲኒዎቹን ማጠብ ጀመረች። ከዚያ ጀርባዋን እንደሰጠችኝ «ለእማዬ የደም ግፊት መለኪያ ገዝቼላታለሁ» አለችኝ፣ «እንዳይሰበር ከላይ፣ ልብሱ መሀል አድርጊው። ደግሞ ባትሪው ለብቻው ነው፤ አትርሺው።»